የትከሻ ጅማት ጉዳት፦ ቤት ውስጥ የሚሠራበት የቱ ነው? ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት ያለበትስ?

ፊዚዮ_ሳሪስ

ትከሻዬን አመመኝ የሚል ጥያቄ እዚህ በየጊዜው ይመጣል፤ መልሱም "አሳርፈው" ወይም "ወጌሻ ይሽህ" ከሚለው ብዙም አያልፍ። ለጅማት ጉዳት ሁለቱም ብዙ ጊዜ አይበጁም። ጅማት ጨርሶ ሲያርፍ ይዳከማል፣ በኃይል ሲጎተት ይብስበታል፤ የሚፈልገው በልክ እየጨመረ የሚሄድ ሥራ ነው። የማውቀውን ላስቀምጥና እናንተ ጨምሩበት፣ የጎደለውንም አርሙ።

የክንድን ራስ ከጎድጓዳው መሃል ይዘው የሚያቆሙት አራት ጡንቻዎች ናቸው፤ በአንድ ላይ ሮቴተር ከፍ ይባላሉ። ከፊት ሰብስካፑላሪስ፣ ከላይ ሱፕራስፓይናተስ፣ ከኋላ ደግሞ ኢንፍራስፓይናተስና ቴረስ ማይነር አሉ። በብዛት የሚጎዳው የላይኛው የሱፕራስፓይናተስ ጅማት ነው፤ ክንድ በተነሳ ቁጥር ሸክሙን ከሚጀምሩት አንዱ እሱ ነው፣ የሚያልፈውም ከአጥንት ሥር ባለ ጠባብ ቦታ ነው።

ሕመሙ የሚሰማው ትከሻው አናት ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ በክንዱ የውጭ ጎን፣ ክትባት የምንወጋበት አካባቢ ነው። ከክርን በታች ብዙም አይወርድም። በዚያ ጎን መተኛት አይቻልም። ጃኬት ሲለብሱ፣ ጡት መያዣ ከኋላ ሲቆልፉ፣ ከቁምሳጥን ላይ ዕቃ ሲያወርዱ ይወጋል። ክንድን ወደ ጎን ቀስ ብለው ሲያነሱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ላይ ያምና ከዚያ ሲያልፍ ቀለል ይላል።

አሁን ዋናው ነገር፦ ሰው ሁሉ የሚነግረን ስለ ሕመሙ ነው፤ እኛ ግን አቅሙን እንለካ። እያመመውም ቢሆን ክንዱ የሚነሳለት ሰውና ክንዱ አልነሳ ያለው ሰው መንገዳቸው የተለያየ ነው።

ታማሚው ራሱ ማንሳት ያቃተውን ክንድ ሌላ ሰው ቀስ ብሎ ያንሳለት። በሌላ ሰው እጅ እስከ ላይ ከሄደ መገጣጠሚያው ክፍት ነው፤ ችግሩ ያለው የሚስበው ጡንቻና ጅማት ላይ ነው። በሌላ ሰው እጅም እዚያው ላይ ከቆመ፣ በተለይ ክርን ከጎን ተጣብቆ ክንዱ ወደ ውጭ አልዞር ካለ፣ ፍሮዝን ሾልደር (መገጣጠሚያው ደርቆ ትከሻው አልንቀሳቀስ የሚልበት) ወይም የመገጣጠሚያ መበላት ሊሆን ይችላል። ፍሮዝን ሾልደር ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሰዎችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ይበዛል፤ አያያዙም ሌላ ነው።

ቀጥሎ ረዳቱ ክንዱን ወደ ጎን 90 ዲግሪ አንስቶ ይልቀቀውና ታማሚው ቀስ እያለ ያውርደው። መቆጣጠር አቅቶት ዱብ ካለ የላይኛው ጅማት ክፉኛ ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ለኋለኛው ጅማት ክርን ከጎን ተጣብቆ 90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ረዳቱ ክንዱን ወደ ውጭ አዙሮ ይልቀቀው፤ እዚያው መቆየት አቅቶት ወደ ሆድ ከተመለሰ ያጠራጥራል። ለፊተኛው መዳፍን እምብርት ላይ አድርጎ ክርንን ወደፊት እንደያዙ ሆድን መጫን ነው፤ ክርኑ ወደ ኋላ ከሸሸና የእጅ አንጓው ከታጠፈ ድካም አለ። አንዱ ምርመራ ብቻውን አይፈርድም፤ ሁልጊዜም ከጤነኛው ጎን ጋር ይነጻጸር።

---

ሰናይት_አ

እናመሰግናለን። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ራጅ ተነስቶ "ምንም የለም" የተባለ ሰው ጅማቱ ደህና ነው ማለት ነው? ወይስ ገንዘብ ፈልጎ ኤምአርአይ መነሳት አለበት?

---

ራዲዮሎጂ_ጎንደር

ሰናይት፣ ራጅ ጅማትን አያሳይም። የሚያሳየው ስብራትን፣ የመገጣጠሚያ መበላትን፣ ጅማት ላይ የተጠራቀመ ካልሲየምን ነው። ስለዚህ "ምንም የለም" የሚለው ውጤት የአጥንቱን ጥያቄ እንጂ የጅማቱን አልመለሰም። ካልሲየሙ ግን ይጠቅማል፦ ሳይወድቅ ሳይመታ በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ከባድ ሕመም ከመጣ ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ በአብዛኛውም ሰውነት ራሱ ይመጥጠዋል።

ለጅማት አልትራሳውንድ ጥሩ ነው። ትከሻን አዘውትሮ በሚያየው ባለሙያ እጅ ሙሉ ቀዳዳን በመለየት ከኤምአርአይ ብዙም አያንስም፣ ዋጋውም በጣም ያነሰ ነው። እየተንቀሳቀሱ ስለሚታይም ይጠቅማል። ስትጠይቁ "የትከሻ አልትራሳውንድ ትሠራላችሁ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ የሆድና የእርግዝና ብቻ የሚያዩ ብዙ ናቸው። ኤምአርአይ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ይመጣል፤ ጅማቱ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሸሸ፣ ጡንቻው ወደ ስብ ተለውጦ እንደሆነ የሚነግረው እሱ ነው።

ሪፖርቱ ላይ "ከፊል መቀደድ" ብሎ ያነበበ ሰው አይደንግጥ። ዕድሜ ከ60 ባለፈ ሰው ላይ ትከሻው ምንም ሳያመው የተቀደደ ጅማት ማግኘት የተለመደ ነው። ምስሉ ከሕመሙና ከአቅሙ ጋር ተዛምዶ ነው የሚነበበው።

---

ልስን_ፎርማን

ከሥር ሥራ የሚሠሩ ልጆች አሉኝ። ጣራ ልስንና ቀለም ላይ ሦስት ሳምንት ሲቆዩ አንዱ ወይም ሌላው ትከሻዬን ይላል። ሥራ አቁም ቢባል የዕለት ገቢው ነው። ሳያቆም የሚቀየር ነገር ካለ ንገሩን።

---

ፊዚዮ_ሳሪስ

@ልስን_ፎርማን ወንድሜ፣ ሥራ ሙሉ በሙሉ ማቆም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ጅማቱን የሚፈጀው እጅ ከትከሻ በላይ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሳያርፍ መቆየቱ ነው። ስለዚህ ከፍታውንና ሰዓቱን ነው የምንቀንሰው።

እስካፎልዲንጉ 30 ሴንቲሜትር ከፍ ሲል ለትከሻ ብዙ ነው፤ እጁ ከዓይን ከፍታ በላይ እንዳይሠራ አድርገህ መድረኩን አስተካክል። ለቀለም ሮሎው ላይ ረጅም ዘንግ ይግባለትና በሁለት እጅ ደረት አካባቢ ይዞ ይሥራ። ጣራና ግድግዳ ይፈራረቅ፤ ጣራ ላይ 20 ደቂቃ፣ ከዚያ ወለል ወይም ግድግዳ። የሚያመው ልጅ ለሁለት ለሦስት ሳምንት ማቡካቱንና የታችኛውን ግድግዳ ይያዝ፤ ባልዲውን ግን ግማሽ ሞልቶ፣ ወደ ሰውነቱ አስጠግቶ ይሸከም። 20 ሊትር ጀሪካን ክንድን ዘርግቶ ከመኪና ላይ ማውረድ ለዚህ ጅማት ከሁሉ የከፋው ነው።

ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አስሮ የሚሰነብት ካለ ፍታለት። ስብራት ወይም ውልቃት ከሌለ ከሁለት ሦስት ቀን በላይ ማሰር ትከሻውን ያደርቀዋል፤ ከዚያ አንድ ችግር የነበረው ሁለት ይሆናል።

ስለ እንቅልፍም፦ ጀርባው ላይ ሲተኛ ከክንዱ ሥር፣ ከክርን እስከ ትከሻ፣ የታጠፈ ጋቢ ያስገባ፤ ክንዱ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። በጤነኛው ጎን ሲተኛ ደግሞ ትራስ ይቀፍ። ብዙ ሰው የሚያነቃው ክንዱ ደረቱ ላይ ተሻግሮ ጅማቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲለጠጥ ነው።

---

ሰናይት_አ

የቤት ውስጥ ስፖርቱንስ ከነቁጥሩ ብትጽፉልን? "ስፖርት ሥሪ" ብቻ ይሉናል።

---

ፊዚዮ_ሳሪስ

ልክ ነሽ፣ ቁጥር የሌለው ምክር አይሠራም። መጀመሪያ ሕጉ፦ ሕመምን ከ0 እስከ 10 ስጡት። ሲሠሩ እስከ 4 ቢደርስ ችግር የለውም፣ በማግስቱ ጠዋት ግን ወደነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ልኩ በዝቷል፤ ድግግሞሹን በሲሶ ቀንሱ እንጂ አታቁሙ።

በጣም ለተቆጣ ትከሻ መነሻው ሳይንቀሳቀሱ መግፋት ነው። ጎንን ለግድግዳ ሰጥቶ መቆም፣ ክርንን 90 ዲግሪ ማጠፍ፣ በክንድና በጎን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ማድረግ፣ ከዚያ የእጅን ጀርባ ወደ ግድግዳው መግፋት። ከሙሉ ኃይል ግማሽ ያህል፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ፣ 5 ጊዜ፣ በየመሃሉ የ1 ደቂቃ እረፍት፣ በቀን 2 ጊዜ። ለብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ ሕመሙ ራሱ ቀለል ይላል። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃል።

ቀጥሎ ክብደት። በጤነኛው ጎን ተኝታችሁ፣ ፎጣው እዚያው ቦታ ሆኖ፣ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ እጅ ከሆድ ተነስቶ ወደ ላይ ይዞራል። ግማሽ ሊትር ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግማሽ ኪሎ ስለሆነ መነሻ ይሆናል። በ2 ሰከንድ ማንሳት፣ በ4 ሰከንድ ማውረድ። 3 ዙር፣ በዙሩ 10፣ በሳምንት 3 ቀን። 3 ዙር በ15 ሲደርስና ሕመሙ ከ3 ሳይበልጥ ወደ 1 ሊትር ጠርሙስ እለፉ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ክርኑ ከፎጣው ሲነሳ ነው፤ ያኔ ሥራውን ትልቁ የትከሻ ጡንቻ ወስዶት የተፈለገው ጅማት ያርፋል።

ሦስተኛው መሳብ ነው። የፊዚዮቴራፒ ላስቲክ ካልተገኘ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ተቆርጦ ይሆናል፤ ስንጥቅ እንደሌለው እዩት፣ ከመስኮት ብረት ወይም ከማይነቃነቅ ምሰሶ ላይ በእምብርት ከፍታ እሰሩት። ክርንን ወደ ኋላ እየሳቡ የጀርባ ሰፋፊ አጥንቶችን ማቀራረብ፣ 3 ዙር በ12።

መጨረሻ ላይ ማንሳት ይመጣል፤ ከ4ኛው ሳምንት በፊት አትቸኩሉ። ክንዱ ቀጥ ብሎ ወደ ጎን ሳይሆን 30 ዲግሪ ያህል ወደፊት ይምጣ፣ አውራ ጣት ወደ ላይ ይይ፣ እስከ ትከሻ ከፍታ ብቻ ይነሳ። መጀመሪያ ባዶ እጅ። መስታወት ፊት ቁሙና ትከሻው ወደ ጆሮ እየሸሸ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ከሸሸ ከፍታውን ቀንሱ። የላይኛው ጅማት ደክሞ አንገት እያገዘው ነው ማለት ነው፤ በዚያ መልክ 100 ጊዜ ቢደጋገም አንገትን ከማሳመም በቀር የሚሰጠው የለም።

ለውጥ በ6 ሳምንት መታየት ይጀምራል፣ ሙሉው ሥራ 12 ሳምንት ነው። ሰው የሚያቋርጠው 3ኛው ሳምንት ላይ "አልሠራም" ብሎ፣ ወይም 5ኛው ላይ "ተሻለኝ" ብሎ ነው፤ ሁለተኛው ይባስ ያስቆጫል፣ ሕመሙ ሄደ እንጂ አቅሙ ገና አልተመለሰም። በ6 ሳምንት ቅንጣት ለውጥ ከሌለ ግን ምርመራው እንደገና ይታይ።

---

አሰልጣኝ_መገናኛ

ለጂም ሰዎች ልጨምር። ቤንች ፕሬስ ላይ ክርን ከጎን 90 ዲግሪ ተከፍቶ መግፋት ይቅር፤ ወደ 45 ዲግሪ ይምጣ፣ አያያዙም ይጥበብ። ባር ከአንገት ጀርባ ማውረድ፣ ዲፕስ፣ ባር ይዞ ክርንን ከትከሻ በላይ እያነሱ ወደ አገጭ መሳብ ለ12ቱ ሳምንት ከፕሮግራሙ ይውጡ። ለአንድ ዙር መግፋት ሁለት ዙር መሳብ ይግባ። ፑሽ አፕ ከግድግዳ ይጀመር፣ ከዚያ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ወለል። ክብደት ሲጨመር በሳምንት ከ10 በመቶ አይለፍ።

አንዳንድ ቦታ አሁንም ክንድን አውራ ጣት ወደ ታች አዙሮ በዳምቤል ማንሳት ያሠራሉ። ለምርመራ ይሁን፤ ለልምምድ ግን ጅማቱን ከአጥንቱ ሥር የሚያጣብበው አቀማመጥ ስለሆነ @ፊዚዮ_ሳሪስ ያለው አውራ ጣት ወደ ላይ ነው የሚሻለው።

---

ፋርማሲ_22

መድኃኒቱን እኔ ልያዝ። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ምግብ ተበልቶ በቀን 3 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 7 ቀን። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በቀን ከ1200 ሚሊግራም አይበልጥም። ዓላማው እንቅልፍ ለማግኘትና ስፖርቱን ለመጀመር ነው፤ ጅማት አይጠግንም። ጨጓራ ያለበት፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አይውሰዱት። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጋር የሚወስድ ሰው ላይ ሲደመር ኩላሊትን ክፉኛ ይጎዳል፤ በእኛ አገር ይህ ጥምረት በጣም የተለመደ ስለሆነ ስትገዙ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ። ለእነዚህ ሰዎች ፓራሲታሞል፣ 500 ሚሊግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ፣ በየ6 ሰዓቱ ይሻላል፤ ጉበቱ የታመመ ደግሞ እሱንም ቢሆን ሐኪም ይጠይቅ።

ዲክሎፍናክ መርፌ ተወግቶ ቤት ሄዶ አይቡፕሮፌን የሚጨምር አለ። ሁለቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ጉዳቱ እንጂ ጥቅሙ አይደመርም።

ሌላ የማይነገር፦ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክና ወንድሞቹ ጅማትን ያዳክማሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2008 ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ያዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በብዛት የሚጎዳው የተረከዝ ጅማት ነው፣ ትከሻም ግን አለበት፤ ከ60 ዓመት በላይ በሆኑና ፕሬድኒሶሎን በሚወስዱ ላይ ይብሳል። ለሽንት ወይም ለተቅማጥ ያለ ትእዛዝ ገዝታችሁ ትከሻ ወይም ተረከዝ መቆጥቆጥ ከጀመረ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

---

ከሜሪላንድ

እዚህ ሐኪሙ ኮርቲዞን እንውጋህ፣ ካልሆነ ከጅማቱ በላይ ያለውን አጥንት በካሜራ እንፋቀው ለሚሉት ሰው ምን ትላላችሁ?

---

ኦርቶ_ሬዚደንት

ሁለቱን ለይተን እንያቸው። መርፌው ሕመሙ እንቅልፍ ለነሳውና ስፖርት መጀመር ላቃተው ሰው የተወሰነ ሳምንት እፎይታ ይሰጣል። በእንግሊዝ ተሠርቶ በ2021 የታተመው ግራስፕ የተባለ ጥናት 708 ሰዎችን ተከታትሏል፤ የመርፌው ጥቅም የታየው መጀመሪያ አካባቢ ብቻ ነበር፣ ዓመቱ ሲሞላ ከተወጉትና ካልተወጉት መካከል ልዩነት አልነበረም። ደጋግሞ መወጋት ጅማቱን ያሳሳል፤ በ3 ወር ልዩነት ካልሆነ አይደገም። ስኳር ያለበት ሰው ከተወጋ በኋላ ለቀናት ስኳሩ ስለሚወጣ በየቀኑ ይለካ። ቀዶ ሕክምና የታቀደለት ደግሞ በዚያው ወር አይወጋ፣ ኢንፌክሽን ያመጣል።

አጥንት መፋቁን በተመለከተ፣ በ2018 የታተመው፣ ሲሶው (CSAW) የተባለው የእንግሊዞቹ ጥናት የተፋቀላቸውን፣ በካሜራ ታይተው ብቻ የተሰፉትንና ምንም ያልተደረገላቸውን አነጻጽሯል። የተፋቀላቸውና ታይተው ብቻ የተመለሱት እኩል ነው የተሻላቸው። ሙሉ ቀዳዳ ለሌለበት ትከሻ 12 ሳምንት በአግባቡ ሳይሠራበት ይህን ቀዶ ሕክምና መቀበል አያስፈልግም ባይ ነኝ።

በራሱ ጊዜ በዕድሜ የተቀደደ ጅማት ያለበትም ቢሆን ቀጥታ ወደ ቢላዋ አይሄድም። አሜሪካ ውስጥ ሙን የተባለው የሐኪሞች ቡድን ሙሉ ቀዳዳ ያለባቸውን ሰዎች በስፖርት ይዞ ሲከታተል በ2 ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የመረጡት ከሩብ ያነሱ ነበሩ።

የማይዘገየው ግን ይኸኛው ነው፦ ትናንት ደህና የነበረ ክንድ፣ ከደረጃ ወይም ከሞተር ሳይክል ወድቆ ዛሬ አልነሳ ያለ። ድንገት ሙሉ በሙሉ የተቀደደ ጅማት ከቦታው ይሸሻል፤ ጡንቻውም ሥራ ሲፈታ ወደ ስብ ይለወጣል፣ የተለወጠው ስብ ደግሞ ከተሰፋም በኋላ ወደ ጡንቻ አይመለስም። እንዲህ ያለ ሰው በሳምንታት ውስጥ ቀዶ ሐኪም ማየት አለበት፤ ከ3 ወር በኋላ መስፋቱ እየከበደ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ ራጅ ብቻ አንስተው "ስብራት የለም" ብለው ቢሸኙትና ከ2 ሳምንት በኋላም ማንሳት ካልቻለ ሪፈር ይጠይቅ። ከ40 ዓመት በላይ ሆኖ ትከሻው ወልቆ የተመለሰለትም እንዲሁ፤ ከውልቃቱ ጋር ጅማት መቀደዱ በዚህ ዕድሜ የተለመደ ነው።

---

ዘመድ_ደሴ

ገና ከመነሻው ወጌሻ አይበጅም አላችሁ። ስንቱን ያዳኑ አዋቂዎች አሉ እኮ።

---

ኦርቶ_ሬዚደንት

ጋሼ፣ ማንንም ለማሳነስ አይደለም። በቅቤ ቀለል አድርጎ አንገትና ጀርባን ማሸት ጡንቻን ያፍታታል፣ ጉዳትም የለው። የምንፈራው ክንድን ይዞ በኃይል ወደ ላይ መጎተቱንና "ቦታው ልመልሰው" ብሎ መጠምዘዙን ነው። ጠርዙ የተበላ ገመድ በአንድ ጉተታ እንደሚበጠስ ከፊል የተቀደደ ጅማትም ይበጠሳል። ከወደቀ በኋላ ክንዱ የበለዘ፣ ያበጠ፣ ቅርጹ የተለወጠ ወይም የትከሻው ውጫዊ ቆዳ የደነዘዘበት ሰው ራጅ ሳይነሳ ማንም እንዳይነካው፤ ስብራት ሊኖር ይችላል፣ ነርቭም አብሮ ይጎዳል።

ትከሻ ስለመሰለ ብቻ ትከሻ ያልሆነም አለ። ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር የመጣ የግራ ትከሻ ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ይደወላል። ትከሻው ቀልቶ፣ ሞቆ፣ ትኩሳት ካለ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ከክርን አልፎ እስከ ጣት የሚወርድ መደንዘዝ ካለ ደግሞ አንገቱ ይመርመር።

---

ልስን_ፎርማን

ተሰፍቶለት የሚመለስ ሠራተኛ በስንት ጊዜ ይጠበቅ?

---

ኦርቶ_ሬዚደንት

ከ4 እስከ 6 ሳምንት ክንዱ በማንጠልጠያ ይቆያል፤ በዚያ ጊዜ በራሱ ኃይል አያነሳውም፣ በሌላኛው እጅ ወይም በባለሙያ እየታገዘ ብቻ ያንቀሳቅሰዋል። ጣት፣ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያው ቀን ይንቀሳቀሱ። ከ6ኛው ሳምንት ራሱ ማንሳት ይጀምራል፣ ክብደት ከ12ኛው ሳምንት በፊት የለም። ጣራ ልስን 6 ወር አካባቢ ነው፣ ትልቅ ቀዳዳ ከነበረ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። የሚያጨስና ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው የተሰፋው ቶሎ አይያዝለትም፤ ከቀጠሮው በፊት ሁለቱን ማስተካከል ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅመዋል።

---

ቅድስት_ውዝዋዜ

እስክስታ ለሚያሠለጥኑ መቼ ይፈቀዳል? ቀዶ ሕክምና ሳይሆን በስፖርት እየተያዘ ላለ ማለቴ ነው።

---

ፊዚዮ_ሳሪስ

እጅ ወገብ ላይ ሆኖ ትከሻን ቀስ ብሎ ወደፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም የጀርባውን ሰፊ አጥንት የሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ስለሚሠሩ ይጠቅማል። የሚጠብቀው ፈጣኑ ርግፍግፍና ክንድ ተዘርግቶ የሚሠራው ነው። መመዘኛው ቀን ሳይሆን አቅም ይሁን፦ በጎን ተኝተሽ 1 ኪሎውን 3 ዙር በ15 ከሕመም 2 ሳያልፍ ከሠራሽ፣ ክንድሽም እስከ ላይ ሳያምሽ ከተነሳ፣ በግማሽ ፍጥነት 5 ደቂቃ ጀምሪ። በማግስቱ ጠዋት ካልቆጠቆጠ በየሁለት ቀኑ 5 ደቂቃ ጨምሪ። 20 ደቂቃ ሲሞላ ፍጥነቱን መልሺ፤ ፍጥነትና ሰዓት በአንድ ሳምንት አብረው አይጨመሩ።